ከተማው በተዘጋ ሰሞን ከዘፈን ጋር እንዴት ይዋላል?

ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ሲጠፋ ዘፈንም አብሮ ይጠፋል። ይህን ያወቅኩት በ2008 ዓ.ም ነሐሴ ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ከቤት ወጥታችሁ ገበያ እስክትደርሱ ስንት ዘፈን ትሰማላችሁ። ባጃጁ ይዘፍናል፣ ጁስ ቤቱ ይዘፍናል፣ ሞባይል ጥገናው በር ላይ የተቀመጠው ትልቅ ስፒከር ይጮሃል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከጣና ዳር የሰርግ መኪና ጥሩምባ ይጨመርበታል። ማናችንም መርጠን አልከፈትነውም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ስንሰማው እንውላለን። ሐምሌ 24 ጎንደር ላይ ያ ትልቅ የተቃውሞ ሰልፍ ወጣ። በሳምንቱ፣ ነሐሴ 1፣ የእኛ ከተማ ወጣ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ አንድ ቀን ባሕር ዳር ውስጥ ቢያንስ 30 ሰው መገደሉን ገልጿል። በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ በወሩ ውስጥ ጎንደርም ባሕር ዳርም ከቤት ያለመውጣት አድማ ተመታ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ ባጃጁ ቆመ። የሚሰማው ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ሆነ።

ያንን ሰሞን ያለፍኩት በአንድ ክራር፣ በአንድ ትንሽ ሬዲዮና በአክስቴ ድምፅ ነው። ሙዚቀኛ አይደለሁም። ግን በር ተዘግቶ ሲዋል ዘፈን እንዴት እንደሚያውል፣ መቼ እንደሚጎዳም ጭምር፣ ቀስ በቀስ ተምሬያለሁና የሞከርኩትን ልንገራችሁ። የእናንተ ከተማ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ የተዘጋበትም ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ የመቀመጡ ነገር ግን ብዙም አይለያይም።

ከሁሉ በፊት ጎረቤት። ስፒከር ከመክፈታችሁ በፊት ግቢው ውስጥ፣ ግድግዳ በሚጋራችሁ ቤት፣ ከመንገዱም ማዶ ለቅሶ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። በደህናው ጊዜ ለቅሶ የሚታወቀው በድንኳኑ ነው። እንዲህ ባለው ሰሞን ግን ድንኳን ላይተከል ይችላል፤ ሰው ልጁን ቀብሮ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ዘመድም መንገድ ተዘግቶበት አይደርስም። እኛ ግቢ ከበሩ አጠገብ የሚኖሩ እናት ነበሩ። ልጃቸው ነሐሴ 1 ጠዋት ወጥቶ በእግሩ አልተመለሰም። ከዚያች ቀን ጀምሮ አርባው እስኪወጣ እኛ ግቢ ዘፈን ጮክ ብሎ አልተከፈተም። ማንም አላዘዘንም፣ ወጉ ነው። እናንተም አንድ ነገር አድርጉ፦ ዘፈኑን ክፈቱና ውጡ፣ በሩን ከኋላችሁ ዝጉትና እደጃፉ ቁሙ። ከተሰማችሁ ዝቅ አድርጉት። ድጋሚ ውጡና ስሙ። እኔ ይህን ሳደርግ መጀመሪያ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

"ሰው ሞቶ ዘፈን?" የሚለው ጥያቄ እኔንም አንቆ ይዞኝ ነበር። የፈታችልኝ አክስቴ ናት። ምንም አላስረዳችኝም፤ ምድጃው ሥር ተቀምጣ ሽሮዋን እያማሰለች ታንጎራጉር ነበር። ቃሉ እንኳ በደንብ አይሰማም። ሳያት ነው የገባኝ። የእኛ ሰው ሲያለቅስም በዜማ ነው የሚያለቅሰው፣ አልቃሽ ግጥም ታወርዳለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል። እንጉርጉሮ ደግሞ ለራስ ነው፣ ሆድ ሲብስ ከውስጥ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ዜማን ከሐዘን ቤት ያባረረው የለም። ጊዜ የሚፈልገው ጭፈራውና ጩኸቱ ነው። ይህን ከለያችሁ ሌላው ይቀላል። ከደስታው በፊት ማንጎራጎሩ ይምጣ፣ አትቸኩሉ። ደስታው ሳትጠሩት ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ቡና እየተፈላ፣ ድንገት ይመጣል።

ጾሙም አለ። ነሐሴ 1 የፍልሰታ መግቢያ ነው። የሚጾም ሰው ዘፈን አይከፍትም፣ ብዙ ቤት እንደዚያ ነው። በገና ያዳምጡ። በገና ብዙ ጊዜ የምናወጣው በዐቢይ ጾም ነው፣ ግን ለእንዲህ ያለው ክፉ ሰሞን ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም። አሥር የጅማት ክር አለው፣ ድምፁ ወፍራምና የሚርገበገብ ነው፣ ለብቻ ተቀምጦ ለመጸለይ የተሠራ መሣሪያ ነው። የዓለሙ አጋን ድርደራ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ስሙት። ደረት ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሲነሳ ይታወቃችኋል። ግድግዳ የሚጋሩን ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ መንዙማ ይከፍቱ ነበር፣ በቀስታ፣ ከመግሪብ በኋላ። እሱን ግድግዳው ላይ ጆሮዬን አስደግፌ እሰማ ነበር።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ በኋላ አይገኝም። ኔትወርክ ሲጠፋ ዩቲዩብም ቴሌግራም ላይ ያስቀመጣችሁትም ዘፈን አብሮ ይጠፋል። ሰው በዚያ ቀን ነው ስልኩ ውስጥ አንድም የራሱ ዘፈን እንደሌለ የሚያውቀው። ስለዚህ ዛሬ፣ ነገሩ ሰላም በሆነበት ቀን፣ ሚሞሪ ካርድ ግዙና ዘፈን አስጭኑ። አንድ ዘፈን በአማካይ 5 ሜጋባይት ቢይዝ 32 ጊጋባይት ካርድ ከ5000 በላይ ዘፈን ይችላል። ይህን ሁሉ አትፈልጉም፤ መቶ ይበቃል፣ ግን የምትወዷቸው መቶ ይሁኑ። የእናታችሁን ዘመንም ጨምሩበት፦ ጥላሁንን፣ ብዙነሽን፣ ማህሙድን፣ አስቴርን። ቤት ውስጥ የምትውሉት ከትልልቅ ሰዎች ጋር ነውና የእናንተ ምርጫ ብቻ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ቅሬታ ይነሳል። ጎረቤት ከሌለው በብሉቱዝ ላኩለት። ብሉቱዝ ኔትወርክ አይፈልግም። እኛ ግቢ በዚያ ሰሞን ዘፈን ከቤት ቤት የሚሄደው እንደ ሽሮና በርበሬ ነበር፣ "እታለም፣ ያችን ትዝታ ላኪልኝ እስቲ" ይባባላል።

ሬዲዮም አትርሱ። ስልካችሁ ኤፍ ኤም ካለው ባለገመዱን ኢርፎን ስትሰኩት ገመዱ አንቴና ይሆናል፣ ዳታ አይበላም። ባለባትሪ ትንሽ ሬዲዮ ደግሞ ከስልክም ይበልጣል፣ ምክንያቱም መብራት ሲጠፋ የስልኩ ባትሪ ለስልክ ጥሪ መቆየት አለበት። ዘፈን ከስልክ ካዳመጣችሁም ስክሪኑን አጥፉ፣ ዳታውንም ዝጉት፤ ጠፍቶ እያለ ኔትወርክ ሲፈልግ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው።

ኢርፎንን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ነገር ልበል። ሁለቱንም ጆሮ አትድፈኑ። አንዱ ጆሮ ለመንገዱ ይሁን። ሰው በር ሲያንኳኳ፣ ልጅ ሲጠራ፣ ውጭ ግርግር ሲነሳ መስማት አለባችሁ። ከቤት ስትወጡ ደግሞ ጭራሽ አታድርጉት። ዳቦ ለመግዛት አምስት ደቂቃ ስትሄዱም ቢሆን። ኢርፎን አድርጎ የሚሄድ ሰው "ቁም!" ሲባል አይሰማም፣ ያላወቀው ደግሞ እምቢ ያለ ይመስለዋል። ዘፈኑ ቤት ይጠብቃችኋል።

ዜናና ዘፈን በአንድ ሰዓት አይሄዱም። እኔ መጀመሪያ ላይ ሬዲዮውን ከፍቼ ዘፈን እየሰማሁ ዜና እጠብቅ ነበር፤ ዘፈኑ መሃል ቢደርስም ጆሮዬ የለም፣ "አሁን ምን ይሉ ይሆን" እያልኩ ነው። ያ ማዳመጥ አይባልም። በኋላ ለሁለት ከፈልኩት። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ዜና፣ ማታ ከእራት በፊት ዜና። ከዚያ ውጭ ከካርዱ። ማታ ከመኝታ በፊት የመጨረሻው ነገር ዜና እንዳይሆን እለምናችኋለሁ፣ ከዜና ጋር የተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲሮጥ ያድራል።

ሌላው ስለ ግጥም ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አማርኛ ሰምና ወርቅ ያለው ቋንቋ ነው። በደህናው ቀን "ፍቅሬ ሄደች" የሚለው ዘፈን ስለ ፍቅር ነው። ከተማ በተናጠ ቀን ግን ያው ዘፈን ስለ አገር ይሆናል፣ ስለ ሞተ ልጅ ይሆናል፣ ስለ መንግሥት ይሆናል፤ እያንዳንዱን ስንኝ ስንፈታ እንውልና ይደክመናል። ይህ ያለ ነው፣ አይቀርም። ግን ጆሮ ማረፍ ሲፈልግ ቃል የሌለው ወይም ቃሉ የማይገባን ሙዚቃ ይሻላል። የሙላቱ አስታጥቄን ቫይብራፎን ሞክሩ። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ሞክሩ፣ እሷን ዝናብ ሲዘንብ ከሰማችሁ ሌላ ምንም አትፈልጉም። ጎንደርና ባሕር ዳር ደግሞ የሱዳን ዘፈን የሚወድ ሰው ሞልቷል። አብዛኛው እንደኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው፣ ዜማው ቤተኛ ነው፣ ቃሉ ግን እንግዳ ነው። መሐመድ ወርዲ ሲዘፍን እኔ የሚገባኝ "ያ" እና "ሐቢቢ" ብቻ ነው፤ ለዚያ ሰሞን የሚያስፈልገኝም እሱ ነበር።

ቀረርቶና ሽለላን በተመለከተ የኔን ሐሳብ በግልጽ ልናገር። ሽለላ እወዳለሁ፣ ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን የሸለለውንማ ስሰማ ፀጉሬ ይቆማል። ግን ደም የሚያሞቅ ዜማ ነው፣ የተሠራውም ለዚያው ነው። ቤታችሁ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት የሆነው፣ ተናድዶ በር በሩን የሚያይ ልጅ ካለ አትክፈቱበት። የሰልፍ መውጣት አለመውጣቱን ራሱ ይወስን፣ ዘፈን ግን አይግፋው።

ደስታው በጣም የሚገኘው ግን የራስ እጅና የራስ ጉሮሮ ሲገባበት ነው። ክራር ካላችሁ አውርዱት። ለዓመታት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለጌጥ የቀረ ክራር ያለበትን ቤት አውቃለሁ፣ የእኛም እንደዚያ ነበር። ሁለት ክሩ ተበጥሷል። እኔ የዓሣ አጥማጆች ናይለን አስገባሁበት፣ ባሕር ዳር ላይ እሱ አይጠፋም። ክራሩ ስድስት ክር ካለው አምስቱ አምስት የተለያየ ድምፅ ይይዛሉ፣ ስድስተኛው ከአንዳቸው ጋር ስሙ አንድ ሆኖ በኦክታቭ ይራራቃል፣ ያው ድምፅ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ ማለት ነው። ለጀማሪ የትዝታ ቅኝት ጥሩ ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ ያወረዳችሁት መቃኛ መተግበሪያ ካለ በእሱ፣ ከሌለ የምታውቁትን የትዝታ ዘፈን ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ድምፁን በድምፅ ተከተሉት። ክሩን ቀንበሩ ላይ ስታጠብቁ በጥቂት በጥቂቱ፣ አለበለዚያ ይበጠሳል። እጃችሁ ትንሽ ሲለምድ ሚን እና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጓቸው። ሁለት ክር ብቻ ነው የነካችሁት። ግን ቤቱ ሁሉ ይለወጣል፣ ትዝታው ይጠቁራል፣ የሚያስለቅሰው ትዝታ እሱ ነው። እኔ ይህን ሁለት ክር ዝቅ ከፍ ሳደርግ ስንት ከሰዓት እንዳለፈ አላውቅም። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ቅኝቶች፣ ወደ ባቲ፣ ወደ አምባሰል፣ ወደ አንቺ ሆዬ መሄድ ነው፤ መቸኮል የለም፣ መንገዱ እንደሆነ ተዘግቷል።

ክራር ከሌለ ቢጫው ጄሪካን አለ። ባዶውን ገልብጡትና በመዳፍ ምቱት፣ ጥሩ ከበሮ ነው። ጨርቅ ጣል ብታደርጉበት ድምፁ ይወፍራል፣ ጎረቤትም አይረብሽም።

"ተቀበል" መጫወትም አለ። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ፣ ከታዳሚው አንዱ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያወርደዋል። ቤት ውስጥ ማሲንቆ አያስፈልግም። አንድ ሰው ሁለት መስመር ይገጥማል፣ ሌላው በዜማ ይመልሳል፣ ተራ በተራ። መጀመሪያ ሰው ያፍራል። "እኔ ግጥም አልችልም" የማይል የለም። ሁለት ሦስት ዙር ከሄደ በኋላ ግን ሁሉም ይገጥማል፣ ቤት ባይመታም ይሳቃል። አክስቴ ከጣና ማዶ፣ ከዘጌ በኩል ነው የመጣችው። እናቷ እዚያው ናቸው፣ ጀልባውም ቆሟል። ተራዋ ሲደርስ እንዲህ አለች፦

ከጣና ማዶ ነው የናቴ ቤት ጭሱ፣
መንገዱ ተዘግቶ ዓይኖቼ ደረሱ።

ማንም አልተቀበላትም፣ ዝም አልን። ከዚያ ራሷ ሳቀችና "ተቀበሉኝ እንጂ!" አለች። ተቀበልናት። እኔ ከዚያ ሰሞን ከሰማሁት ሁሉ የማልረሳው ያንን ነው፣ በየትኛውም ካርድ ላይ የለም። እናንተ ግን ስልክ ላይ ቅዱት። ከኔ ተማሩ።

ትልልቅ ሰዎች ካሉ ጠይቋቸው፣ ይህን ያሳለፉ ናቸው። ማዶ ቤት ያሉት ጋሼ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ወጣት ነበሩ። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ ሙዚቃ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም ሲጫወት ያድራል፣ ሰውም ሲሰማ ያድራል። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረበትን ጊዜ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። "ጠዋት ስንወጣ ጫማችን በእጃችን ነበር" ይሉኛል። ከሳቸው ጋር ቁጭ ብዬ አንድ ሙሉ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳንዘል፣ ሰማን። ይህንንም ሞክሩት። በሥራ ቀን ማን ጊዜ አለው? ያኔ ግን ጊዜ ነው የተረፈን።

ልጆች ካሉ ቡሄ ይመጣላችኋል። የዚያ ዓመት ቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ከተማው በተጨነቀበት መሃል ነው የዋለው። ልጆቹ እንደ ወትሮው ጅራፍ ገመዱ። የመጀመሪያው ጅራፍ ሲጮህ ግቢው ሁሉ ደነገጠ፣ አክስቴ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ጥይት መስሏት ነበር። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሰሞን ጅራፉ ይቅር። ሆያ ሆዬው ግን አይቅር። መንገድ ወጥተው ሰፈር ለሰፈር መዞር ካልቻሉ ግቢ ውስጥ ከበር በር ይዙሩ፣ ዱላውን መሬት ላይ ቀስ አድርገው ይምቱ፣ አንዱ ያውርድ፣ ሌሎቹ "ሆ!" ይበሉ። ሙልሙል ባይጋገር ያለው ዳቦ ይቆረስላቸው። እኛ ግቢ አምስት ቤት ዞረው ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው፣ በየበሩ "ድገሙት" ስለተባሉ። ልጃቸው የሞተባቸው እናት ደጃፍ ሲደርሱ ግን፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ ዋሽንግተንም ሁኑ ጅዳ ወይም ቴላቪቭ፣ ቤተሰባችሁ ጋ ስትደውሉ "ምን ተፈጠረ?" ብቻ አትበሉ። ያንን ቀኑን ሙሉ ሲያወሩት ነው የሚውሉት። ኢንተርኔት ሲቋረጥ መደበኛው ጥሪ የሚሠራበት ጊዜ አለ፣ ውድ ቢሆንም። እህቴ ከጅዳ ስትደውል አንድ ቀን "እስቲ ክራሯን አሰማኝ" አለችኝ። ስልኩን ክራሩ ላይ አስጠግቼ መታሁላት። ገና አልለመድኩም ነበር፣ አንዱ ክር ወርዶብኛል። እሷ ግን ከዚያ ማዶ ማንጎራጎር ጀመረች፣ ሒሳቡ እስኪያልቅ።

አድማው ካለፈ በኋላ፣ መስከረም ሲጠባ፣ ክራሩን ማታ ማታ በዝግ በር እመታ ነበር። የእናቲቱ ልጅ አርባ ሲቃረብ ደግሞ ጨርሶ ተውኩት፣ ዝግጅት ስለነበረ፣ እንግዳም ስለሚገባ። አርባው ባለፈ በሦስተኛው ቀን እናቲቱ ራሳቸው መጥተው በሩን አንኳኩ። ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ነው። ግቡ ብንላቸው እምቢ አሉ፣ እደጃፉ ላይ ቆመው ግድግዳውን፣ ክራሩ የተሰቀለበትን፣ አዩ።

"ያን ነገር ምነው ተውከው ልጄ?" አሉኝ። "ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ እሱን እሰማ ነበር።"

አውርጄ ቃኘሁት። ሁለቱን ክሮች ዝቅ አድርጌ።